ስልኩ ጌታውን እንዴት ያውቃል? በፊት ስለሚከፈቱና በጣት ስለሚከፈቱ ስልኮች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



የሳይንስ ክበባችን በዚህ የደስታ ቀን ጥቂት ቃል እንዲናገር ስለ ተፈቀደለት በአባሎቹ ሁሉ ስም ምስጋናችንን እናቀርባለን። ስለ ምን እንናገር ብለን በተመካከርን ጊዜ ብዙ አሳብ ቀርቦ ነበር። ስለ ከዋክብት እንናገር ያሉ ነበሩ፤ ስለ ወባ ትንኝ ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ግን በዚህ አዳራሽ ከተቀመጠው ሰው አብዛኛው በኪሱ ወይም በቦርሳው የያዘውን፥ በቀን ብዙ ጊዜ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ መረጥን። እርሱም የእጅ ስልክ ነው።

ስለ ስልክ ሲነሣ እኛ ተማሪዎች ክርክር እንደምንወድ መምህሮቻችን ያውቃሉ። በዕረፍት ሰዓት አንዱ «አይፎን ይበልጣል» ሲል ሌላው «ጋላክሲን የሚያህል የለም» ይላል። ክርክሩም ስለ ካሜራው፥ ስለ ባትሪውና ስለ ዋጋው ሆኖ ሳያልቅ ደወል ይደወላል። ዛሬ ያን ክርክር ልንጨርሰው አልመጣንም። የምንናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ስለ ስልኩ በር፥ ማለት ስልኩ ጌታውን ከሌላው ሰው ለይቶ ስለሚያውቅበት ብልሃት ነው። ስልኮቹ የተሠሩት በውጭ አገር ስለ ሆነ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ በሩ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ቀድሞ የእጅ ስልክ ሲጠፋ የሚጠፋው ስልኩ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በስልኩ ውስጥ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ አለ፤ የወዳጅ ደብዳቤ አለ፤ ባንኩ የሚልከው መልእክት አለ። ቴሌብር በሜይ 2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የብዙ ሰው የገንዘብ ከረጢት ከስልኩ ጋር ተያይዟል። ለገንዘቡ ሌላ የምሥጢር ቁጥር አለው ቢባል እንኳ፥ ብዙ አገልግሎቶች የማረጋገጫ ቁጥራቸውን የሚልኩት በዚያው ስልክ ነው። እንግዲህ የስልኩን በር የከፈተ ሰው የቤቱን ብዙ ክፍሎች ሊከፍት የሚችልበትን መንገድ አገኘ ማለት ነው።

አንድን በር ስንመረምር ሁለት ነገር እንጠይቃለን። እንግዳውን ሰው በስሕተት ያስገባልን? ጌታውንስ በስሕተት ይመልሳልን? የመጣውን ሁሉ እጅ ነሥቶ የሚያስገባ ዘበኛ ዘበኛ አይባልም፤ ባለቤቱን በዝናብ ከደጅ አቁሞ «መታወቂያ አምጣ» የሚለውም ለቤቱ አይበጅም። የስልክ ሠሪዎች ድካም ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። አንደኛውን ሲያጠብቁ ሁለተኛው ይብስባቸዋል፤ ጥርጣሬ ያበዛ ዘበኛ ጌታውንም መጠርጠሩ አይቀርምና። ከዚህ ሌላ ሰዎች የሚረሱት ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ዘበኛው አላወቅሁም ባለ ጊዜ ማንን ይጠራል? ለዚህ ኋላ እንመለሳለን።

በ2007 ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፎን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ስልኩ የሚከፈተው ጣትን በመስተዋቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በማንሸራተት ነበር። ይህ መቀርቀሪያ እንጂ ቁልፍ አልነበረም፤ ስልኩ በኪስ ሳለ ራሱን እንዳይነካካ ብቻ ያገለግላል። ቁልፍ የፈለገ ሰው አራት አኃዝ ያለው የምሥጢር ቁጥር ይጨምርበት ነበር። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ በ2008 ሲወጣ ደግሞ ሌላ ብልሃት አመጣ። ይኸውም በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ዘጠኝ ነጥቦችን በጣት እያገናኙ መሥመር መሣል ነው። ከነጥቦቹ ቢያንስ አራቱ መነካት ስላለባቸው ሊሣሉ የሚችሉት መሥመሮች 389,112 ናቸው። ቁጥሩ ሲሰሙት ያስደንቃል፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ከላይ ከግራ ማዕዘን ጀምሮ እንደ ፊደል ያለ ቀላል ነገር ለመሣል ይወዳል፤ አጠገቡ የተቀመጠም ሰው አንድ ጊዜ አይቶ ይይዘዋል። ከዚህም በላይ በ2010 በአሜሪካ አገር የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣት በመስተዋቱ ላይ የሚተወውን ቅባት በብርሃን አጋድመው ፎቶግራፍ በማንሣት የተሣለውን መሥመር ብዙ ጊዜ ማንበብ እንደሚቻል አሳዩ። ወጥ በልቶ እጁን በሚገባ ሳይታጠብ ስልኩን የሚያነሣ ሰው ቁልፉን በበሩ ላይ ጽፎ እንደሚሄድ ይቈጠራል።

የቁጥሩ ሒሳብ ቀላል ነው። አራት አኃዝ 10,000 ዓይነት ቁጥር ይሰጣል፤ ስድስት አኃዝ 1,000,000 ይሰጣል። አፕል በ2015 አዲስ ቁጥር ለሚመርጡት ስድስት አኃዝ እንዲጠየቅ ያደረገው ስለዚህ ነው። የሆነ ሆኖ የቁጥሩ ብርታት ከብዛቱ ብቻ አይደለም። ስልኩ የተሳሳተ ቁጥር በተደጋገመበት መጠን የሚያስጠብቀውን ጊዜ ያረዝማል፤ ባለቤቱ ከፈቀደም ከአሥር ስሕተት በኋላ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል።

ይህ ጥቂት ነገር የሚመስለው ብልሃት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ዓለም ያየው በ2016 ነው። በዲሴምበር 2015 በካሊፎርኒያ በሳን በርናርዲኖ ከተማ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፥ ከገዳዮቹ የአንዱ የሥራ ስልክ የነበረ አይፎን 5ሲ በአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እጅ ገባ። ስልኩ ጣትም ሆነ ፊት አያውቅም፤ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ቢሮው አፕልን የጠየቀው ቁጥሩን እንዲነግረው አልነበረም፤ አፕልም ቁጥሩን አያውቀውም። የጠየቀው እየደጋገሙ ለመገመት እንዲቻል ማስጠበቁንና መደምሰሱን የሚያስቀር ፕሮግራም እንዲሠራለት ነበር። አፕል እንዲህ ያለው መክፈቻ አንድ ጊዜ ከተሠራ በአንድ ስልክ አያበቃም ብሎ እንቢ አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊታይ በተቃረበበት በማርች 2016 መንግሥት ስልኩን በሌላ ሰው እርዳታ ከፈትሁ ብሎ ክሱን ተወ። በክበባችን ውስጥ በዚህ ነገር ሁለት ወገን ሆነን ተከራክረናል፤ እስካሁንም አልተስማማንም።

አሁን ወደ ጣት እንምጣ። የጣት አሻራ ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። መፈረም የማይችል ሰው አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ በውሉ ግርጌ ሲያትም ኖሯል፤ ዛሬም የፋይዳ መታወቂያ ሲሰጥ የአሥሩ ጣት አሻራ፥ የዓይንና የፊት ምስል ይወሰዳል። ከዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ያሻል። መታወቂያው የሚጠይቀው «ይህ ሰው ከሕዝቡ መካከል ማን ነው? ከዚህ ቀደምስ ተመዝግቧልን?» ብሎ ስለ ሆነ ምልክቱን ከብዙ ሰው ምልክት ጋር ያስተያያል። ስልኩ ግን የሚጠይቀው «ይህ ሰው የእኔ ጌታ ነውን አይደለም?» ብሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ከስልኩ መውጣት አያስፈልገውም። በታላላቆቹ ስልኮች የሚቀመጠው ምልክት የጣቱ ሥዕል ራሱ ሳይሆን ወደ ቁጥር የተለወጠ ምልክት ነው፤ የሚቀመጥበትም ቦታ ከሌላው የስልኩ ክፍል የተለየ፥ የተቆለፈ ጓዳ ነው።

ሞቶሮላ በ2011 አትሪክስ በተባለው ስልኩ ጀርባ ላይ አሻራ የሚያነብ መሣሪያ አድርጎ ነበር፤ ብዙም አልተከተሉትም። ነገሩ የተለወጠው አፕል በ2012 ኦተንቴክ የተባለውን የአሻራ መሣሪያ ኩባንያ ገዝቶ በሴፕቴምበር 2013 አይፎን 5ኤስን ባወጣ ጊዜ ነው። ክብ ቁልፉ ላይ ጣት ሲያርፍ መሣሪያው በቆዳችን ጉብታና ስርጉድ መካከል ያለውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ልዩነት ይለካል። ሳምሰንግ በ2014 በጋላክሲ ኤስ 5 ተከተለ፤ በዚያ ግን ጣትን በመሣሪያው ላይ ጎተት ማድረግ ያስፈልግ ስለ ነበር ብዙዎች ተማረሩ። በ2015 በኤስ 6 ማሳረፍ ብቻ እንዲበቃ ሆነ። አፕል እንዳስታወቀው በዘፈቀደ የተገኘ የሌላ ሰው ጣት ስልኩን የመክፈት ዕድሉ ከ50,000 አንድ ነው።

ነገር ግን ጠርጥር ከገንፎም አለ ስንጥር እንደሚባለው ሆነ። አይፎን 5ኤስ በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ የተባለ የጀርመን ማኅበር ስልኩን በሐሰት ጣት ከፈተው። ያደረጉት እንዲህ ነው። ባለቤቱ ከነካው መስተዋት ላይ አሻራውን ፎቶግራፍ አነሡ፤ አጥርተው በላስቲክ ወረቀት ላይ አተሙት፤ በላዩም የእንጨት ኮላ የመሰለ ነገር አፍስሰው ሲደርቅ ልጠው በጣታቸው ላይ ለበሱት። ይህን ለመሥራት ትዕግሥትና ጥሩ መሣሪያ ስለሚያስፈልግ መንገድ ላይ ስልክ የሚነጥቅ ሌባ አያደርገውም። የሆነ ሆኖ አንድ የሚያሳስብ ነገር አስተማረ። የምሥጢር ቁጥር ቢታወቅብን እንለውጠዋለን፤ ጣታችንን ግን ልንለውጠው አንችልም፤ በነካነውም ብርጭቆ ሁሉ ላይ ትተነው እንሄዳለን።

ሁለተኛውን ጥያቄ፥ ጌታውን በስሕተት መመለስን፥ ስናነሣ ደግሞ የጣት በር ደካማነት በወላጆቻችን እጅ ላይ ይታያል። ሲሚንቶ የሚያቦካ፥ ድንጋይ የሚጠርብ፥ አፈር የሚቈፍር ሰው አሻራው ይሟሽሻል። ልብስ ስታጥብ የዋለች እናት ጣቷ ተጨማዶ ስልኩ አላውቅሽም ይላታል። እንዲህ ላለው ሰው ስልኩን መጀመሪያ ሲያስተምሩት ብዙም የማይሠራበትን ጣት፥ ለምሳሌ የግራ እጅ ቀለበት ጣትን፥ መጨመር ይጠቅማል፤ ያንኑ ጣትም ሁለት ጊዜ ማስመዝገብ ይቻላል።

ሁለቱ ተፎካካሪዎች መንገዳቸው የተለያየው በ2017 ነው። መነሻው የምሥጢር ጥበቃ ሳይሆን መልክ ነበር። የስልኩ ፊት ሁሉ መስተዋት ይሁን ተባለ፤ ስለዚህ ከሥር የነበረው ክብ ቁልፍ ቦታ አጣ። ሳምሰንግ በአፕሪል ባወጣው ጋላክሲ ኤስ 8 የአሻራውን መሣሪያ ወደ ጀርባ ወስዶ ከካሜራው ጎን አደረገው። ጣቱን የፈለገ ሰው የካሜራውን መስተዋት እየነካ ያቆሽሸዋል። ከዚህ ሌላ ሳምሰንግ ሁለት በር ጨመረ፤ አንዱ በተራ ካሜራ ፊትን የሚያይ፥ ሁለተኛው በማይታይ ብርሃን በዓይን ብሌን ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ክብ የሚያነብ ነበር። በተራው ካሜራ የሚሠራው የፊት በር በፎቶግራፍ እንደሚታለል ስልኩ ገና ገበያ ሳይደርስ ታየ፤ ሳምሰንግም ገንዘብ ለመክፈል እንዲያገለግል አልፈቀደም። የዓይኑ በር ጽኑ ነው ተብሎ ነበር፤ በሜይ 2017 ግን እነዚያው ጀርመኖች የባለቤቱን ዓይን ከመጠነኛ ርቀት በሌሊት ማንሻ ካሜራ አንሥተው፥ በወረቀት አትመው፥ እንደ እውነተኛ ዓይን እንዲጎብጥ በላዩ የመነጽር ምትክ የሚሆነውን የዓይን ሌንስ አድርገው ከፈቱት።

አፕል ጣትን ጨርሶ ተወ። በሴፕቴምበር 12 ቀን 2017 ያሳየውና በኖቬምበር ለሽያጭ ያቀረበው አይፎን ኤክስ የሚከፈተው በፊት ብቻ ነው። የፊቱ በር ግን ፎቶግራፍ ከማየት የተለየ ነው። ስልኩ ከ30,000 በላይ የማይታዩ የብርሃን ነጥቦችን በፊታችን ላይ ይበትናል፤ ልዩ ካሜራም ነጥቦቹ የወደቁበትን አይቶ የአፍንጫውን ከፍታ፥ የዓይኑን ጉድጓድ፥ የአገጩን ቅርጽ ይለካል። ጠፍጣፋ ሥዕል አፍንጫ ስለሌለው አያልፍም። ብርሃኑን ራሱ ስለሚያመጣ በጨለማም ይሠራል። ደግሞም ዓይን ተከፍቶ ወደ ስልኩ መመልከቱን ያያል፤ ይህን ባለቤቱ ካላጠፋው በቀር የተኛ ሰው ስልኩ በፊቱ አይከፈትም። የሌላ ሰው ፊት የመክፈት ዕድሉ ከ1,000,000 አንድ ነው ተባለ። ወዲያው ግን አፕል ራሱ፥ ይህ ቁጥር ለመንትዮች፥ ለሚመሳሰሉ ወንድማማቾችና ዕድሜአቸው ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጆች አይሠራም፤ የሚሠጉ በቁጥር ይጠቀሙ አለ። በትምህርት ቤታችን ያሉ መንትዮች ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሰቡ ፈገግታቸው ይናገራል። በዚያው ወር ብካቭ የተባለ የቬትናም ኩባንያ የፕላስቲክ ፊት፥ የሲሊኮን አፍንጫና የወረቀት ዓይን ያለው ጭምብል ሠርቶ ስልኩን እንደ ከፈተ አስታወቀ።

በዚያ በሴፕቴምበር ቀን የሆነውን አንድ ነገር ሳንነግራችሁ አናልፍም። የአፕል ባለሥልጣን ክሬግ ፌደሪጊ በመድረክ ላይ ስልኩን አንሥቶ ፊቱን ሲያሳየው ስልኩ እንቢ ብሎ የምሥጢር ቁጥር ጠየቀ። ተመልካቹ ሁሉ መሣሪያው ተሰናከለ አለ። ኩባንያው ኋላ እንደ ገለጸው ስልኩን ከመድረክ በፊት ሲያዘጋጁ የነበሩ ሠራተኞች ያነሡት ስለ ነበረ፥ ስልኩ የእነርሱን ፊት እያየ ጌታዬ አይደለም ሲል ቆይቶ፥ በመጨረሻ ማንንም በፊት አልቀበልም፥ ቁጥር አምጡ አለ። በእኛ ግምት በዚያ ቀን ከታየው ሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለው ይህ ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሰው እርሱ ነውና፤ ፊትም ሆነ ጣት ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ሲጠራጠር የሚጠራው ጌታ የምሥጢር ቁጥሩ ነው።

ሳምሰንግ በ2019 በኤስ 10 የዓይኑን በር ትቶ አሻራውን ከመስተዋቱ ሥር ቀበረው። መሣሪያው በጆሮ የማይሰማ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ከጣቱ ጉብታና ስርጉድ ነጥሮ ሲመለስ ሥዕሉን ያገኛል። እናቶች በእርግዝና ጊዜ በሐኪም ቤት የሚታዩበት አልትራሳውንድ ወንድሙ ነው። ብልሃቱ እጅግ የሚያስደንቅ ሲሆን በኦክቶበር 2019 አንድ ነውር ተገኘበት። አንዳንድ የሲሊኮን መሸፈኛ በመስተዋቱ ላይ ሲደረግ ስልኩ የመሸፈኛውን የውስጥ ቅርጽ እንደ ጣት እየቈጠረ የማንንም ጣት ይቀበል ጀመር። ሳምሰንግ መሸፈኛውን አንሡ ብሎ፥ ወዲያውም ፕሮግራሙን አረመ። በአገራችን ስልክ የገዛ ሰው ከሱቁ ሳይወጣ መሸፈኛ ስለሚያስለጥፍ፥ ካስለጠፈ በኋላ አሻራውን እንደገና ማስመዝገብና ያልተመዘገበ ጣት ከፍቶ እንደ ሆነ መሞከር አለበት።

በዚያው ወር ጉግል ፒክስል 4ን አወጣ። እርሱም እንደ አይፎን የፊትን ቅርጽ የሚለካ፥ ፍጥነቱም የሚመሰገን ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቱ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ ይከፈታል። የተኛን ሰው ስልክ ወደ ፊቱ አስጠግቶ መክፈት ይቻል ነበር ማለት ነው። የሚያርመው ፕሮግራም የወጣው በአፕሪል 2020 ነው። አንድ ቤት ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች ይህ ከጀርመኖቹ ኮላ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። የስልክን ምሥጢር የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሌባ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ነው። የጣት በርም ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም፤ የተኛ ሰው ጣት ሊነሣ ይችላልና።

ኮሮና በ2020 በመጣ ጊዜ ደግሞ የአይፎን ባለቤቶች ተራቸው ደረሰ። ዓለም ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሲሸፍን ስልኩ ጌታውን አላወቀውም። አፕል በ2021 የእጅ ሰዓቱን ምስክር አድርጎ የሚከፍት ዘዴ አመጣ፤ ጭምብል አድርጎ በዓይን ዙሪያ ብቻ የሚያውቀው ፕሮግራም የመጣው በማርች 2022፥ ለአይፎን 12ና ከዚያ በኋላ ለወጡት ነው። በብርድ ጧት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ የምትሄድ እናት የዚህን ችግር ትርጕም ያለ ማብራሪያ ታውቀዋለች።

ዛሬ ነገሩ የቆመው እንዲህ ነው። አፕል በፌብሩዋሪ 2025 የአሻራ ቁልፍ የነበረውን የመጨረሻውን አይፎን መሸጥ ትቷል፤ በዚያው ዓመት የወጣው አይፎን 17 በፊት ይከፈታል። በዚያው ዓመት የወጣው ጋላክሲ ኤስ 25 ከመስተዋቱ ሥር በድምፅ አሻራ ያነባል፤ የፊቱ በር ግን አሁንም ተራ ካሜራ ስለ ሆነ ሳምሰንግ ራሱ ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን ያስጠነቅቃል። ጉግል በ2023 በፒክስል 8 በተራ ካሜራ ገንዘብ ለመክፈል የሚታመን የፊት በር አድርጓል፤ ብርሃን በሌለበት ግን ይቸግረዋል፥ ስለዚህ ጣቱንም አልተወም።

እንግዲህ የቱ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁን፥ እጁ በሥራ ለጠነከረ ሰው የአይፎኑን ዓይነት ፊት እንመርጣለን። መንትያ ላለውና ፊቱን ተሸፍኖ ለሚውል ሰው ጣት ይሻለዋል። በአገራችን ግን በብዙ ሰው እጅ ያለው ከእነዚህ ዋጋው እጅግ ያነሰ ስልክ ነው፤ በእርሱ ላይ ብዙውን ጊዜ የአሻራ መሣሪያ ከጎን ወይም ከጀርባ፥ በተራ ካሜራ የሚሠራ የፊት መክፈቻም ከፊት ይገኛል። በእንዲህ ያለው ስልክ ላይ ያለ ማመንታት ጣትን ምረጡ፤ የፊቱን አጥፉ። የፊቱ መክፈቻ ተራ መሆኑን ለማወቅ መብራት ማጥፋት ይበቃል፤ በጨለማ ካላወቃችሁ የሚያየው ሥዕል እንጂ ቅርጽ አይደለም።

ከሁሉም በታች ያለው ግን ቁጥሩ ነው። ስልኩ ጠፍቶ ሲነሣ ፊትም ጣትም አይቀበልም፤ ቁጥር ይጠይቃል። አይፎን 48 ሰዓት ሳይከፈት ከቆየ እንደዚሁ ያደርጋል፤ አንድሮይድም ቢያንስ በየ72 ሰዓቱ ቁጥሩን ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙ ዶላር የፈሰሰበት የፊት በር ያለው ስልክ ቁጥሩ 1234 ወይም የባለቤቱ የትውልድ ዓመት ከሆነ፥ ጠመንጃ ያነገበ ዘበኛ ከፊት ለፊት ቆሞ የጓሮ በሩ የተከፈተበት ቤት ይሆናል። በ2023 በአሜሪካ አገር ጋዜጦች በሰፊው እንደ ጻፉት፥ ሌቦች በመጠጥ ቤት ሰው ቁጥሩን ሲነካ ከትከሻው በላይ አይተው ካጠኑ በኋላ ስልኩን ይነጥቁ ነበር። በቁጥሩ የባለቤቱን መግቢያ ለውጠው፥ እርሱን ከገዛ ፎቶግራፎቹ አስወጥተው፥ ገንዘቡን ይወስዱ ነበር። አፕል በጃንዋሪ 2024 ባወጣው መከላከያ ስልኩ ባለቤቱ ከሚያዘወትራቸው ቦታዎች ውጭ ሲሆን ለታላላቆቹ ለውጦች ቁጥር ብቻ እንዳይበቃ፥ ፊትም እንዲጠየቅ፥ ለአንዳንዶቹም አንድ ሰዓት እንዲጠበቅ አድርጓል። በ2024 በአንድሮይድም ስልኩ ከእጅ ተነጥቆ ሲሮጥ እንቅስቃሴውን አውቆ ራሱን የሚቆልፍበት ዘዴ መጥቷል። በታክሲ ውስጥና በሰልፍ ላይ ቁጥር ስትነኩ በሌላው እጃችሁ ሸፈን አድርጉ፤ ስድስት አኃዝም ይሁን።

የመጨረሻው ነገራችን ስለ ተቆለፈ ስልክና ስለ ታመመ ሰው ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ መኪና ቢገጨውና ራሱን ቢስት፥ የደረሰለት ሰው ስልኩን ያነሣል፤ ስልኩ ግን ተቆልፏል፤ ለማን ይደወላል? ፊቱ ቢያሳዩት ዓይኑ ተጨፍኗል። ለዚህ ሁለቱም ወገኖች መልካም ነገር አዘጋጅተዋል። በአይፎንም ሆነ በአንድሮይድ ስልክ የባለቤቱ የደም ዓይነት፥ ሕመሙ፥ የሚወስደው መድኃኒትና የሚደወልለት የቤተ ሰብ ስም ሊመዘገብ ይችላል። ስልኩ እንደ ተቆለፈ የድንገተኛ ጥሪ የሚለውን በመንካት ማንም ሰው ይህን ብቻ ያነባል፤ ሌላው ምሥጢር እንደ ተዘጋ ይቆያል። ብዙ ሰው መኖሩን ስለማያውቅ ባዶውን ተቀምጧል።

ከዚህ ንግግር በኋላ በሳይንስ ላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ አንድ በፊት የሚከፈትና አንድ በጣት የሚከፈት ስልክ ይገኛሉ፤ መሞከር ለሚፈልግ ሁሉ ተፈቅዷል። የድንገተኛ ጊዜ መረጃቸውን በስልካቸው ላይ ለመሙላት የሚፈልጉ አባቶችና እናቶች ቢመጡ የክበባችን አባሎች እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በዚያው ይጠብቋቸዋል። የደም ዓይነታችሁን የምታውቁ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ።